ሰላም ሳልል የሮጥኩ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ጃኬቴን ገልብጬ ለበስኩ። መብራት ጠፍቷል፣ ጃኬቱ ወንበር ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ገበሩ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ኪሶቹ እንደ ውሻ ጆሮ ተንጠልጥለው፣ ዚፑ ከውስጥ ሆዴን እየቆነጠጠኝ ወጣሁ። ዚፑ ሲቆነጥጠኝ እንኳ «የዛሬው ብርድ ጥርስ አለው» አልኩ እንጂ ጃኬቱን አልጠረጠርኩም።

ሌላ ቦታ ቢሆን ያየ ሰው ሳቅ ብሎ ያልፋል። እኛ ሆሳዕና ግን ሽማግሌ ልብሱን ገልብጦ ለብሶ በማለዳ ከታየ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው። እየሮጠ ከታየማ የሞተው የቅርብ ሰው ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ስንት ለቅሶ የደረስኩ ሰው ነኝ። ማወቄ ግን ጃኬቱን አላቃናውም።

ሽማግሌውን በማለዳ ምን አስሮጠው እንደምትሉ ይገባኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የከብት መርፌ ወጊ ነኝ። የከተማው ሰው «ዶክተር» ይለኛል፤ ዶክተር እንዳልሆንኩ እኔም፣ እነሱም፣ ላሞቹም እናውቃለን። ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሐይቁ ዳር ስንሸራሸር ሰዎች ከውሃ ሲወጡ አየሁ። ከውሃ የወጣ ሰው ፎጣ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ግን እየተንጠባጠቡ ብስክሌት ላይ ወጡ። ከብስክሌቱ ሲወርዱ ደግሞ ሮጡ። የሚያባርራቸው ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ወደ ኋላ ተመለከትኩ፤ ምንም የለም። ትራያትሎን ይባላል አሉኝ። አንዲት ስም የምትመዘግብ ልጅ ትኩር ብዬ ስመለከት አይታኝ «አባባ፣ ለጀማሪ አጭሩ አለ፤ እርስዎም ይችላሉ» አለችኝ። ልጅቷ ለጨዋነት ነው ያለችው። እኔ ደግሞ ጨዋነትን እንደ ማስረጃ የመቀበል በሽታ አለብኝ።

ግን ከልቤ ነው የፈለግኩት። በልጅነቴ አባቴ ወንዝ ዳር እንዳልደርስ ከልክሎኝ ነበር። ሥራ ይዤም ዕድሜዬን ሙሉ ከብቶች ውሃ ውስጥ ገብተው ሲንደላቀቁ ዳር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሰው ከበሬ አንሶ መሞት የለበትም።

ባለቤቴ ራሔል ይህን ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ። ራሔል በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ሰብሳቢ ናት። ስሟን በጣም ትጠብቃለች፤ የእኔንም አብራ ትጠብቅልኛለች፤ እኔ ስለማልጠብቀው።

«ሂድ» አለች በመጨረሻ። «አልከለክልህም። ግን እስክትሄድ ድረስ ገበያ ላይ አንድ ሰው አስቁሞ ‹ራሔል፣ ባልሽ እኮ› ካለኝ፣ ቀረህ። ከዚያ ወዲያ ሐዋሳን በቴሌቪዥን ታያታለህ።»

«አንድ ሰው ብቻ?»

«ግማሽ ሰውም ቢሆን።»

ተስማማሁ። ውድድሩ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከስምምነቱ ቀን እስከ ትላንት ማታ ድረስ እንዴት እንደ ተጠበቅኩ አንድዬ ያውቃል።

አሠልጣኜ የወንድሜ ልጅ ምሕረት ናት። የስፖርት አስተማሪ ናት፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ ሳይኖር አይቻት አላውቅም። ከዋናው ጀመርን። ሆሳዕና ደጋ ናት፤ ዝናብ ሞልቶ ተርፎን ሰው የሚዋኝበት ውሃ ግን የለንም። ስለዚህ ምሕረት አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ አስተኝታ እጅና እግሬን አስወራጨችኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ እሷ በሌለችበት ለብቻዬ እንዲሁ ስወራጭ የሰፈራችን ወንጌላዊ ሊጠይቀን ገባ። መነጽር አድርጌ፣ አፌን ከፍቼ፣ በሆዴ ተኝቼ ስወራጭ አየ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም። እጁን ማጅራቴ ላይ ጭኖ መጸለይ ጀመረ። ጸሎት አቋርጦ «ዋና ነው» ማለት ነውር ነው፤ ዝም ብዬ ቆየሁ። ዝም ስል ደግሞ ጋኔኑ እየለቀቀኝ የሄደ መሰለው፤ ድምፁን ጨመረ። በመጨረሻ «አሜን» ብዬ ተነሣሁ፤ እሱም ደስ ብሎት ሄደ። ራሔል ስትሰማ «እሱ ገበያ ላይ አያወራም» ብላ አለፈችኝ።

ከዚያ እውነተኛ ውሃ ይሻላል ብዬ በሚኒባስ ወደ ቦኖሻ ወርጄ ቦዮ ሐይቅ ደረስኩ። ዳሩ ጭቃ ነው፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ጉማሬም አለበት ይባላል። ቁምጣዬን ለብሼ፣ የዋና መነጽሬን አድርጌ ጉልበቴ ድረስ እንደ ገባሁ አንድ ገበሬ ከሩቅ አወቀኝ።

«ዶክተር፣ አንተ ነህ? እኛ እኮ ረስታችሁናል ብለን ነበር።»

የከብት በሽታ ላጣራ የመጣሁ መስሎት ነው። ጡረታ መውጣቴን ብነግረውም «ጡረታ የሚወጣው ደሞዝ እንጂ እጅ አይደለም» ብሎ በሬውን ነድቶ አመጣው። ጎረቤቱም ላሙን አመጣ። የጎረቤቱ ጎረቤትም። ያን ቀን ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ የስንቱን በሬ አፍ ፈልቅቄ ምላስ እንዳየሁ አልነግራችሁም። ስመለስ ምሕረት «ዋናው እንዴት ነበር?» ብትለኝ «ሁሉም ደህና ናቸው» አልኳት።

ብስክሌቱን ያዋሰኝ ሊሬ ነው። ሊሬ ጡረታ የወጣ ርእሰ መምህር ነው፤ እሱ ካቶሊክ፣ እኔ ጴንጤ። እስከ ዛሬ ግን ተጣልተን የምናውቀው በዳማ ብቻ ነው። ብስክሌቱ ከሱ ጋር ጡረታ የወጣ ጥቁር ብረት ሲሆን ፍሬኑ የሚይዘው ራሱ ሲፈልግ ነው። አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ሳይፈልግ ቀርቶ አንድ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ይዞኝ ገባ። የእንሰቱ ባለቤት ደግ ሴት ናት፤ «እግዜር አተረፈህ» ብላ ቅጠል ጎዝጉዛ አስቀመጠችኝና የብስክሌቱን ጎማ ለብቻው ፈልጋ አመጣችልኝ። ሴትዮዋ የራሔል ዘመድ ስለሆነች እሱም ሳይወራ አለፈ።

ሊሬ ብስክሌቱን የሚሰጠኝ በየጠዋቱ ራሴ በእግሬ ሄጄ ስወስድ ብቻ ነው፤ «ለኔም እንቅልፍ መቀስቀሻ፣ ላንተም ሩጫ» ይላል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ጉንፋን ክፉኛ ይዞት ተኝቷል። ሰፈሩ ሁሉ እየተመላለሰ ይጠይቀዋል። ይህን ያዙልኝ።

እኔን ያስቸገረኝ ውሃውም ብረቱም ሳይሆን ሩጫው ነበር። ሩጫውም ሳይሆን ሰላምታው። ከቤቴ ተነሥቼ ሊሬ ቤት እስክደርስ የማላውቀው ሰው የለም። እንዴት አደራችሁ ተብሎ አይታለፍም፤ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ዱራሜ የተዳረችው ልጅ ትጠየቃለች፣ የልጅቷ አማት ትጠየቃለች። እግሯን አሟት የነበረችው ላም ደግሞ ለኔ ለብቻዬ ተይዛ የምትቆይ ጥያቄ ናት። ይህን ሁሉ አድርሼ ሊሬ በር ላይ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ምሕረት ስልኳን ይዛ ሰዓቴን ስትለካ ቆይታ ትላንት ተቆጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሩጫ አይደለም፤ ጥየቃ ነው።»

«ታዲያ ሰው ሰላም ሳልል ልለፍ?»

«ሐዋሳ ላይ ማንን ሰላም ልትል ነው? ነገ የመጨረሻው ልምምድ ነው። አትቆምም፣ አትናገርም። በአፍንጫህ ትስባለህ፣ በአፍህ ታወጣለህ፤ አፍህ ለሌላ ሥራ አይፈለግም።»

«እጅ ማንሣትስ?»

ትንሽ አሰበችና «ካስፈለገ» አለች።

ይኸውላችሁ የዛሬ ጠዋት። ከመውጣቴ በፊት ትንፋሽ መያዝ ልለማመድ ብዬ በጨለማ ፊቴን ሳፋ ውስጥ ነከርኩ። ሳፋው ራሔል ልብስ ያጠበችበት ነው፤ የሳሙናው ውሃ አልተደፋም ነበር። መነጽሬን አላደረግኩም። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ቀላ፣ እንባዬ በጉንጬ ይወርድ ጀመር። እንግዲህ ደምሩት፦ ጃኬት የገለበጠ፣ ዓይኑ የቀላ፣ እንባው የሚወርድ፣ የሚሮጥ ሽማግሌ፤ ሰላም ሲሉት የማይመልስ።

መጀመሪያ ያገኘኋት እትዬ አማረች ናት። መታጠፊያው ላይ ሻይና ብስኩት ትሸጣለች፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ የሷን ሰላምታ ሳይመልስ ያለፈ ሰው በሰፈሩ ታሪክ የለም።

«እንዴት አደርክ፣ ዶክተር?»

ዝም ብዬ አለፍኩ። በአፍንጫ መሳብ፣ በአፍ ማውጣት።

«ዶክተር?» አለች፤ ከዚያ ጃኬቱን አየች መሰለኝ ድምፅዋ ተቀየረ። «ማነው? ማን ነው እሱ?»

ወደ ማን ነው የምትሮጠው ያለችኝ መሰለኝ። መናገር አይፈቀድልኝም፤ እጅ ማንሣት ግን ተፈቅዶልኛል። በጣቴ ወደ ሊሬ ቤት አመለከትኩ።

ከኋላዬ የብረት ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ማንቆርቆሪያዋ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ የእግር ኮቴ መብዛት ጀመረ። እኔ ምን መሰለኝ? የሆሳዕና ሕዝብ በመጨረሻ ስፖርት የገባው መሰለኝ። «አየህ» አልኩ ለራሴ፣ «አንድ ሰው ሲጀምር ሌላው ይከተላል።» ኩራት ያዘኝ፤ ፍጥነት ጨመርኩ። እኔ ስጨምር እነሱም ጨመሩ። አንድ ባጃጅ መብራቱን አብርቶ በቀስታ ይከተለኝ ጀመር፤ ውስጡ የታጨቁት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ብርዱን ፈርተው ነው አልኩ። አንድ በብስክሌት የሚሄድ መምህር ሲያየኝ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። እንደ ጀግና እየተቀበለኝ ነው ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግኩለት። ወዲያው አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች በአጠገቤ ሽው ብላ ቀደመችኝ። ዓይኔ በሳሙናው ስለደበዘዘ ማን እንደሆነች አልለየሁም፤ ይህች ሴት ትራያትሎን ብትገባ ነበር ብዬ ግን አደነቅኩ።

ሊሬ በር ላይ ደረስኩ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ወናፍ ስተነፍስ ሕዝቡ ይህንን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል በአንድ ድምፅ አለቀሰ።

የሊሬ ለቅሶ በሀዲይሳ ተጀመረ፤ ከሌላ አገር መጥተው ሰፈራችን ለኖሩት ሲባል በአማርኛም ቀጠለ። መካሪያችን ተባለ፣ አስታራቂያችን ተባለ፣ ልጆቻችንን በአርጩሜ ሰው ያደረገልን ተባለ። ከሁሉ በላይ የምትሰማው አንዲት ድምፅ ግን ነበረች።

«ወንድሜ ሊሬ፣ ይህን ሰውዬ ከቤቴ የሚያወጣልኝ ከእንግዲህ ማነው? ቀኑን ሙሉ ዳማ ይዘህ የምታቆይልኝ፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ?»

ድምፁን አወቅኩት። የቀደመችኝ ሴት ራሔል ነበረች።

ቀና ብዬ ምሕረትን አየኋት። ከበሩ ጎን ስልኳን ይዛ እንደ ቀጠሯችን ሰዓቴን ልትለካ ቆማ ነበር፤ ፊሽካዋ አፏ ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ የቤቱ በር ተከፈተና ሊሬ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አጥሚት የያዘ ኩባያ በእጁ ይዞ ወጣ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

ለቅሶው ተቋረጠ። እትዬ አማረች ከሁሉ ፊት ስለነበረች መልሱ በሷ ላይ ወደቀ።

«አንተ» አለችው።

ሊሬ ከአጥሚቱ አንድ ጊዜ ፉት አለና «መቼ?» አለ።

የሳቀ የለም። ሰው ሐዘኑን ይዞ ማስቀመጫ አጥቶ ቆሟል። ሊሬ ራሱ ነገሩ ገብቶት ደረጃው ላይ ተቀመጠና «አታቋርጡ እንጂ» አለ። «አስታራቂያችን የምትለዋ ላይ ነበራችሁ። ከዚያስ?» በዚህ መሀል የእድሩ ድንኳን በአህያ ጋሪ ተጭኖ ደረሰ። ሊሬ ተነሥቶ የድንኳኑን ጫፍ ገለጥ አደረገው። «ይሄ የተቀደደው አይደለም እንዴ? ለእኔ ይሄን ነው የላካችሁት?»

ያን ጊዜ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ራሔልን እያየሁ ነበር። ራሔል ደግሞ ጃኬቴን እያየች ነበር። ገበሩን አየች፣ ኪሶቹን አየች፣ ቀስ ብላ ዓይኔን አየች። ልክ በዚያ ሰዓት እትዬ አማረች ወደ እሷ ዞራ ያቺን ቃል ተናገረች።

«ራሔል፣ ባልሽ እኮ...»

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ሐይቁ ሲደርቅ ታየኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የዋና መነጽሬን አድርጌ ሐዋሳን በቴሌቪዥን ስመለከት ታየኝ። ራሔል በሰው ፊት ለሊሬ ያፈሰሰችው እንባም ፊቷ ላይ ገና አልደረቀም። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሰማህ?» አለችኝ። «ቀረህ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ምኑ ነው የቀረው?» አለ ሊሬ። ውላችንን ያውቀዋል፤ ዳማ ላይ ነግሬዋለሁ። «ራሔል፣ ውሉ ላይ ገበያ ይላል። ይሄ ገበያ ነው?»

«ሊሬ፣ አንተ አትግባበት።»

«እንዴት አልገባም? ይሄ ለቅሶ ቤት ነው። የሞትኩትም እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት የተባለ ነገር ገበያ አይወጣም፤ ይህን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። በየለቅሶው ሴቶቹን «እዚህ የሰማችሁትን ገበያ ይዛችሁ እንዳትወጡ» የምትለው ራሔል ናት። ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ራሔል ሊሬን አየችው፣ ድንኳኑን አየች፣ የኔን ተንጠልጣይ ኪስ አየች። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሐዘንተኛ አፉን በነጠላ ሲይዝና ሳቁ ያመለጠው ሰው ሲይዝ ልዩነቱን ከተጋባን ጀምሮ አውቃለሁ።

ምሕረት ጊዜ አላጠፋችም። «ጋሼ፣ እስከዛሬ ከሮጥከው ሁሉ የዛሬው ይበልጣል» አለች ስልኳን እያሳየችኝ። «አክስቴ ግን ቀድማሃለች። በነጠላ ጫማ።»

«ታዲያ በጫማ ላለቅስ ነበር?» አለች ራሔል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ትሄዳለህ» አለችኝ። «እኔም እሄዳለሁ። ሩጫው ላይ ከዳር ሆኜ አይሃለሁ፤ ከተቀመጥክ መጥቼ እቀድምሃለሁ። ግን ከመሄዳችን በፊት ዛሬ ሰላም ሳትል ያለፍከውን ሰው ሁሉ በየቤቱ ሄደህ ሰላም ትላለህ። ጃኬትህን አቃንተህ።»

ሊሬም የራሱን ጨመረ። «ለቀስተኞቼን በከንቱ ጨርሰህብኛል። ዕለቱ ሲደርስ ሰው ‹ዶክተር ልምምድ ላይ ነው› ብሎ ከቤቱ የማይወጣ ከሆነ፣ ራሴ ተነሥቼ ነው የምጠራቸው።»

ከሰዓት በኋላ የጠዋት ሰላምታዬን ስከፍል ዋልኩ። መምህሩን ቤቱ ድረስ ሄጄ ኮፍያውን እንዲያጠልቅ ለመንኩት። የባጃጁን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ ዱራሜ ያለችው ልጅ ወልዳለች፤ ላሟም ድናለች። መጨረሻ ላይ መታጠፊያው ጋ ደረስኩ። እትዬ አማረች የተጨራመተ ማንቆርቆሪያዋን ከሰል ላይ ጥዳ ተቀምጣለች። ጃኬቴን ወደ ላይ ወደ ታች አየችው፤ ቀጥ ያለ ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ እትዬ አማረች?»

«አልቀበልም» አለች።

«እንዴት?»

«እያለቀስኩ ሮጫለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ። የኔ ሰላምታ በቁም የሚከፈል አይደለም፤ ተቀምጠህ፣ ሻይ ይዘህ፣ ሁሉንም ጠይቀህ ነው።»

ልቀመጥ አግዳሚውን ሳብኩ። እሷ ግን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋችው።

«ዛሬ አይደለም። ከሐዋሳ ስትመለስ።»

«እትዬ፣ ዛሬ ብከፍልሽ ምናለበት? ራሔል ከሁሉም ሳትታረቅ አትሂድ ብላለች።»

«ለራሔል እኔ እነግራታለሁ።» እሳቱን እፍ አለችው፤ ለረጅም ጊዜ እፍ ስትል ቆየች። «መዋኘት ትችላለህ?»

ለሷ መዋሸት አይቻልም። «አግዳሚ ወንበር ላይ እችላለሁ» አልኩ።

«አየህ። እዳ ያለበት ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ እዳውን የጨረሰ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ይኑርብህ።»

ይኸው ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፤ ሁሉም ሰው ሰላም ተብሏል፤ ጃኬቴም ተቃንቶ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አንዲት እንዴት አደርሽ ብቻ ለእትዬ አማረች አለብኝ።